አልማዝ ባለጭራ በዓይን ላይ ሲወጣ፤ የሕመሙ አመዘጋገብና የመለያ ቁጥሩ አሰጣጥ በመጠለያና በሰፈራ ጣቢያዎች

1. መግቢያ

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው የተነሣ ሕዝብ በመጠለያ ወይም በሰፈራ ጣቢያ ሲሰበሰብ ከምግብና ከውሃ ቀጥሎ የሚያስፈልገው የጤና አገልግሎት ነው። ይህም አገልግሎት የሚመራው በሕክምና ባለሙያው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በመዝገቡ ትክክለኛነት ጭምር ነው። ለጣቢያው የሚላከው መድኃኒት የሚጠየቀው፣ የባለሙያ ምደባ የሚወሰነው፣ ወደ ሆስፒታል ለሚተላለፍ ሕመምተኛ ተሽከርካሪ የሚመደበው በመዝገቡ ላይ በሰፈረው ቃል መሠረት ነውና።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በተለምዶ አልማዝ ባለጭራ የሚባለው በሽታ በዓይን ላይ ሲወጣ ሕመሙ እንዴት መመዝገብ እንዳለበትና የበሽታ መለያ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሰጥ ማስረዳት ነው። በትራኮማ ከሚያዘው ሰው ብዛት ጋር ሲነጻጸር የዚህ በሽታ ሕመምተኞች ቁጥር አነስተኛ ነው። ሆኖም ለሕክምና የሚሰጠው ጊዜ የጥቂት ቀናት በመሆኑና መድኃኒቱም ከሌሎቹ የዓይን ሕመሞች የተለየ በመሆኑ፣ የመዝገብ ጉድለት በሰው ዓይን ላይ ምን ያህል ጉዳት እንደሚያደርስ በግልጽ ያሳያል።

2. «የዓይን ሕመም» በሚለው ቃል ሥር የሚደበቁ በሽታዎች

በጣቢያ መዝገብ ላይ «የዓይን ሕመም» ተብሎ ብቻ የተጻፈ መሥመር ቢያንስ አምስት የተለያዩ በሽታዎችን ሊሸፍን ይችላል። እነዚህም፦

ሀ. ትራኮማ። የውሃ እጥረትና የንጽሕና ጉድለት የሚያባብሰው ሲሆን፣ የሚታከመውም በአዚትሮማይሲን ወይም 1 በመቶ በሆነ የቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ነው።

ለ. የቫይታሚን ኤ እጥረት። በድርቅ ጊዜ በተለይ ሕፃናትን ያጠቃል፤ ኩፍኝ ሲታከልበት የዓይንን ብሌን በአጭር ጊዜ ሊያፈርስ ይችላል። በቅባት አይድንም፤ የሚያስፈልገው የቫይታሚን ኤ እንክብል ነው።

ሐ. በባክቴሪያ ምክንያት የሚመጣ ተራ የዓይን መቅላትና መመገል።

መ. ሄርፒስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ የሚያመጣው የብሌን ቁስል። ይህ ቫይረስ ሕዝባችን «ምች» ብሎ ከሚጠራቸው የከንፈር ቁስሎች አብዛኛዎቹን የሚያመጣ ነው።

ሠ. የዓይን አልማዝ ባለጭራ፤ የዚህ ጽሑፍ ርእስ የሆነው።

አምስቱም ዓይንን ሊያቀሉና ሊያስለቅሱ ይችላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን አንድ አይደለም። በወሩ መጨረሻ «የዓይን ሕመም» ተብሎ ድምሩ ብቻ ለበላይ አካል ሲላክ፣ የሚመጣው መልስ ብዙውን ጊዜ የቴትራሳይክሊን ቅባት ይሆናል። ቅባቱ ለትራኮማው ሲጠቅም፣ ለቫይታሚን ኤ እጥረቱና ለአልማዝ ባለጭራው አያገለግልም። ከዚህም በላይ ሕመምተኛው «መድኃኒት ተሰጥቶኛል» ብሎ ተመልሶ ሳይመጣ ስለሚቀር የሕክምናው ጊዜ ያልፍበታል።

እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2006 በኢትዮጵያ በተካሄደው ብሔራዊ የዓይነ ስውርነት ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኝቷል። ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት በመጣ የብሌን ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ ከትራኮማ ውጪ በሆነ የብሌን ጠባሳ የታወሩ ነበሩ። ይህ የመጨረሻው ክፍል ልዩ ልዩ መነሻ ያላቸውን ጠባሳዎች በአንድነት የያዘ ነው። ጠባሳው ከደረቀ ከዓመታት በኋላ መነሻውን ለይቶ ማወቅ ለሐኪምም ያዳግታል። መነሻውን በእርግጠኝነት ሊጽፍ የሚችለው ሕመሙ ትኩስ ሳለ ያየው የጣቢያው የጤና ሠራተኛ ነው።

3. የበሽታው ጠባይ

አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው የጉድፍ ቫይረስ ነው። ሰው በልጅነቱ ጉድፍ ይዞት ከዳነ በኋላ ቫይረሱ ከሰውነቱ ጨርሶ አይወጣም፤ በነርቭ ሥር ተኝቶ ይቆያል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የሰውነት የመከላከያ ኃይል በሕመም ሲዳከም ተነሥቶ የአንድን ነርቭ መሥመር ተከትሎ ወደ ቆዳ ይወጣል። ሕመምተኛው በመጀመሪያ ለአንድ ወይም ለጥቂት ቀናት የማቃጠልና የመውጋት ስሜት ይሰማዋል፤ ከዚያም ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በአንድ ወገን ብቻ ይወጣል። ሽፍታው የሰውነትን መሐል መሥመር ተሻግሮ ወደ ሌላው ወገን አለማለፉ ዋነኛው መለያው ነው።

ከአልማዝ ባለጭራ ሕመምተኞች ከ10 እስከ 20 በመቶ በሚሆኑት ላይ በሽታው የሚወጣው በአምስተኛው የራስ ነርቭ የመጀመሪያ ቅርንጫፍ፣ ማለትም በግንባር፣ በላይኛው የዓይን ቆብና በአፍንጫ ላይ ነው። ከእነዚህም ውስጥ ሕክምና ካላገኙት ግማሽ ያህሉ ዓይናቸው ራሱ ይጎዳል። ብሌኑ፣ አይሪሱ ወይም የዓይን ነጩ ክፍል ሊቆጣ፣ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ሊጨምር ይችላል። ብሌኑም የመዳሰስ ስሜቱን ስለሚያጣ ሕመምተኛው ሳያመው ሊቆስል ይችላል። አንዳንዱ ጉዳት የሚታየው ሽፍታው ከደረቀ ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ የቆዳው መዳን ዓይኑ ለመዳኑ ማስረጃ አይሆንም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ጆናታን ሃቺንሰን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የገለጸው አንድ ምልክት እስከ ዛሬ ድረስ ይሠራበታል። ይኸውም ሽፍታው በአፍንጫ ጫፍ ወይም ጎን ላይ ከወጣ ዓይኑ የመጎዳት ዕድሉ ከፍተኛ ነው፤ የአፍንጫውን ጫፍና የዓይኑን ውስጥ የሚያዳርሰው ነርቭ አንድ ነውና። ምልክቱን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ነገር ግን አፍንጫው ላይ ሽፍታ አለመኖሩ ዓይኑ ደኅና ነው ለማለት አያበቃም።

ሕክምናው አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት ነው። ለአዋቂ ሰው 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ከ7 እስከ 10 ቀን በአፍ ይወሰዳል። የበለጠ የሚጠቅመው ሽፍታው ከወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ዓይኑ ራሱ ተነክቶ እንደሆነ ግን ሰውየው ዘግይቶ መጣ ተብሎ አይከለከልም። መድኃኒቱ በሰውነት ውኃ እጥረት ጊዜ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል ሕመምተኛው በቂ ውሃ ማግኘት አለበት፤ ውሃ በራሽን በሚታደልበት ጣቢያ ይህ ለውሃ አዳዩም ሊነገረው የሚገባ ጉዳይ ነው። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ ያለ ዓይን ሐኪም ትእዛዝ አይሰጥም፤ ሕመሙ ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ወይም የፈንገስ ቁስል ከሆነ ብሌኑን ያፈርሳልና።

4. በካርዱና በመዝገቡ ላይ መስፈር ያለባቸው

የሚከተሉት ስምንት ነጥቦች ከተሟሉ ሕመምተኛውን ቀጥሎ የሚቀበለው ባለሙያ ከዜሮ ለመጀመር አይገደድም።

አንደኛ፣ ሽፍታው የወጣበት ቀን፤ ወደ ጣቢያው የመጣበት ቀን ብቻ አይበቃም። የ72 ሰዓቱ ስሌት የሚነሣው ከዚህ ነው።
ሁለተኛ፣ ወገኑ፤ ቀኝ ወይም ግራ ተብሎ በሙሉ ቃል ይጻፍ። «ቀ» ወይም «ግ» ብሎ ማሳጠር ለስሕተት ይዳርጋል።
ሦስተኛ፣ ሽፍታው ያለበት ቦታ፤ ግንባር፣ ቆብ፣ የአፍንጫ ጫፍ። የአፍንጫው ጫፍ ነጻ ከሆነም «የለም» ተብሎ ይጻፍ።
አራተኛ፣ የእያንዳንዱ ዓይን ዕይታ ለየብቻው በቁጥር፤ ሰሌዳ ከሌለ ሕመምተኛው ጣት መቁጠር የቻለበት ርቀት በሜትር ይመዝገብ። «ያያል» የሚለው ቃል ነገ ዕይታው መቀነሱን ለማወቅ አያስችልም።
አምስተኛ፣ የተጎዳው የዓይን ክፍል፤ ቆብ፣ ነጩ ክፍል፣ ብሌን ወይም አይሪስ። በጣቢያው መለየት ካልተቻለ «የዓይኑ ክፍል አልተለየም» ተብሎ ይገለጽ።
ስድስተኛ፣ የተሰጠው መድኃኒት፣ መጠኑ፣ የተጀመረበት ቀንና ሰዓት፣ የሚያበቃበት ቀን።
ሰባተኛ፣ ከመምጣቱ በፊት ዓይኑ ላይ የተደረገ ነገር፤ የዕፅ ጭማቂ፣ ከገበያ የተገዛ ጠብታ ወይም ሌላ። ይህ ጥያቄ በወቀሳ መልክ መቅረብ የለበትም፤ በወቀሳ ከተጠየቀ እውነቱ አይገኝም።
ስምንተኛ፣ ወዴት እንደተላከና መቼ ተመልሶ መታየት እንዳለበት።

5. ቀንና ሰዓት

በአንድ ጣቢያ ውስጥ የአገር ተወላጅና የውጭ አገር ሠራተኞች በአንድነት ሲሠሩ ሁለት የዘመን አቆጣጠርና ሁለት የሰዓት አቆጣጠር በአንድ ካርድ ላይ ይገናኛሉ። ለምሳሌ ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 24 ቀን 2024 ነው። የአገሩ ጤና ሠራተኛ 14/2/17 ብሎ በቁጥር ብቻ ቢጽፈው፣ ከውጭ የመጣው ሐኪም ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2017 ብሎ ሊያነበው ይችላል። በዚህ አነባበብ የሦስት ቀን ሕመም ከሰባት ዓመት በፊት የነበረ ሕመም ይሆናል። ስለዚህ ወሩ በስሙ ይጻፍ፤ ከዓመቱም ቀጥሎ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. መባሉ አይዘንጋ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በቀን አምስት ጊዜ የሚወሰደው መድኃኒት በየአራት ሰዓቱ ሲደለደል በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ቀን 8፣ ማታ 12 እና ሌሊት 4 ሰዓት ላይ ይውላል። የውጭው ነርስ ለጠዋቱ መድኃኒት «6» ብላ ከጻፈች ሕመምተኛው እኩለ ቀን ሊጠብቅ ይችላል። የቀኑ ክፍል፣ ማለትም ጠዋት፣ ቀን ወይም ማታ መሆኑ በቃል ከተጻፈ ይህ ስሕተት ይወገዳል።

6. የመለያ ቁጥሩ አሰጣጥ

በሽታዎችን በቁጥር የመለየት ዓለም አቀፍ ሥርዓት ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ኃላፊነት ሥር ይገኛል። አሥረኛው እትም በ1990 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ለረጅም ዘመን ሲሠራበት ቆይቷል፤ አሥራ አንደኛው በ2019 እ.ኤ.አ. ጸድቆ ከጃንዋሪ 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሏል። የብዙ አገሮች መዝገብ እስካሁን በአሥረኛው እትም ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ማብራሪያው ከዚያ ይጀምራል።

በአሥረኛው እትም አልማዝ ባለጭራ ቢ 02 ተብሎ ሲሰየም፣ በዓይን ላይ ሲወጣ ቢ 02.3 ይሆናል። ከዚህ ቁጥር ጎን የመስቀል ምልክት (†) አለ፤ ትርጉሙም የበሽታው መነሻ ማለት ነው። ከእርሱ ጋር የኮከብ ምልክት (*) ያለው ሁለተኛ ቁጥር ይጻፋል፤ ይህም የተጎዳውን የአካል ክፍል ያመለክታል። ሁለተኞቹ ቁጥሮች የሚከተሉት ናቸው፦

የዓይን ቆብ ሲሆን፦ ኤች 03.1*
የዓይን ነጭ ሽፋን (ኮንጃንክቲቫ) ሲሆን፦ ኤች 13.1*
የዓይን ብሌን ሲሆን፦ ኤች 19.2*
አይሪስና በዙሪያው ያለው ክፍል ሲሆን፦ ኤች 22.0*
ነጩ ጠንካራ የዓይን ክፍል ሲሆን፦ ኤች 19.0*

የኮከብ ምልክት ያለው ቁጥር ብቻውን ፈጽሞ አይጻፍም። ኤች 19.2 ብቻውን ቢጻፍ ብሌኑ መቆጣቱን ይናገራል እንጂ ያስቆጣው አልማዝ ባለጭራ ይሁን ኩፍኝ አይገልጽም፤ ለኩፍኝም የሚያገለግለው ይኸው ቁጥር ነውና።

ሦስት የተለመዱ ስሕተቶችን ነቅሶ ማሳየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ዓይኑ ተጎድቶ ሳለ ቢ 02.9 መጻፍ ነው፤ ይህ ቁጥር መዘዝ የሌለበት አልማዝ ባለጭራ ማለት ስለሆነ ሕመምተኛው ከዓይን ሕሙማን ቁጥር ይወጣል። ሁለተኛው ከቢ 00.5 ጋር ማደባለቅ ነው፤ ይህ የሄርፒስ ሲምፕሌክስ የዓይን ሕመም ሲሆን ሁለቱም «ሄርፒስ» ተብለው ስለሚጠሩ ስሕተቱ ይደጋገማል። ስለዚህ በምርመራ ውጤት ላይ «ሄርፒስ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ ዞስተር ወይም ሲምፕሌክስ መሆኑ ይነገር። ሦስተኛው ከአሜሪካ የሚመጡ ባለሙያዎች ከሚጠቀሙበት የአሠራር ልዩነት የሚነሣ ነው። በእነርሱ እትም የኮከቡ ሥርዓት ቀርቶ የዓይኑ ክፍል በአምስተኛ አኃዝ ይገለጻል፤ ለነጭ ሽፋኑ ቢ 02.31፣ ለአይሪስ ቢ 02.32፣ ለብሌን ቢ 02.33 ይባላል። ሁለቱ አጻጻፎች በአንድ መዝገብ ላይ ሲቀላቀሉ ድምሩ ይዛባል፤ ስለዚህ አንድ ጣቢያ የሚሠራበትን እትም በመዝገቡ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ያስፍር።

በአሥራ አንደኛው እትም የዓይን አልማዝ ባለጭራ 1ኢ91.1 ሲሆን፣ ቀኝና ግራን የሚያመለክቱ ተጨማሪ ቁጥሮችን ማያያዝ ይቻላል። ከላይ የተጠቀሱት የአሥረኛው እትም ቁጥሮች ግን ወገኑን አይናገሩም። በመሆኑም ቁጥሩ የቃሉን ቦታ አይተካም፤ ቃሉ ሕመምተኛውን ለማከም፣ ቁጥሩ ሕዝቡን ለመቁጠር ያገለግላል።

7. ማነጻጸሪያ ምሳሌ

ትምህርቱን ግልጽ ለማድረግ አንድን ሕመምተኛ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ እናቀርባለን። ሕመምተኛው ለምሳሌ ያህል የታሰበ ነው።

ጎደሎው አጻጻፍ፦ «ወንድ፣ 46፤ የዓይን ሕመም፤ ቅባት ተሰጥቷል፤ 14/2/17።»

የተሟላው አጻጻፍ፦ «ወንድ፣ ዕድሜ 46። ሽፍታው የወጣው ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፤ ወደ ጣቢያው የመጣው ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.። ውሃ የቋጠረ ሽፍታ በግንባርና በላይኛው ቆብ፣ በግራ ወገን ብቻ፤ በአፍንጫ ጫፍ ላይም አለ። ዕይታ፦ ቀኝ 6/9፣ ግራ 6/36። ግራ ዓይን ቀልቷል፤ ብሌኑ በፍሎረሰይን ቀለም ሲታይ ቆስሏል። ከመምጣቱ በፊት የዳማከሴ ጭማቂ በግንባሩ ላይ ተቀብቷል። የምርመራ ውጤት፦ የዓይን አልማዝ ባለጭራ ከብሌን መቆጣት ጋር፣ ግራ ዓይን። አሳይክሎቪር 800 ሚሊ ግራም በቀን አምስት ጊዜ፣ ጥቅምት 14 ቀን ረፋድ 4 ሰዓት ተጀመረ፤ ለ7 ቀን። በዚሁ ዕለት ወደ ዓይን ሕክምና ተልኳል፤ ጥቅምት 17 ቀን በጣቢያው ይታያል። ቢ 02.3†፣ ኤች 19.2*።»

ሁለተኛውን ለመጻፍ ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ሕመምተኛው በማግሥቱ ወደ ሌላ ጣቢያ ቢዛወር፣ ተቀባዩ ባለሙያ የግራ ዓይኑ ዕይታ ከ6/36 መውረዱን ወይም መሻሻሉን ለማወቅ የሚችለው በዚህ አጻጻፍ ብቻ ነው።

8. ከኤች.አይ.ቪ. ጋር ያለው ግንኙነትና ምስጢር ጥበቃ

አልማዝ ባለጭራ በወጣት ሰው ላይ ሲወጣ የመከላከያ ኃይል መዳከምን ሊጠቁም ስለሚችል፣ ሕመምተኛው የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ በፈቃዱ እንዲያደርግ ምክር ሊሰጠው ይገባል። ነገር ግን ጥርጣሬ የምርመራ ውጤት አይደለም። ቫይረሱ መኖሩ በምርመራ ከተረጋገጠና አልማዝ ባለጭራው የዚያ ውጤት ነው ተብሎ ከታመነ ቢ 20.3 በዋናነት ይጻፋል፤ ከእርሱም ጋር ቢ 02.3 ይታከላል። ሳይረጋገጥ ይህን ቁጥር መጻፍ ሐሰት መመዝገብ ነው።

በመጠለያ ውስጥ ካርድ በሰልፍ ላይ በእጅ ይያዛል፤ በራሽን ወረቀት መካከልም ይቀመጣል። የመለያ ቁጥርም ምስጢር አይደለም፤ ትርጉሙን የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። ስለዚህ ይህን የሚመለከተው ጽሑፍ በተቆለፈ መዝገብ ይያዝ፤ ለተቀባዩ ሐኪም የሚላከውም በታሸገ ፖስታ ይሁን። ለአስተዳደር የሚቀርበው ወርኃዊ ዘገባ ቁጥር ብቻ እንጂ ስም አይኖረውም።

በሌላም በኩል በሽታው የማኅበራዊ መገለል ምክንያት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ጉድፍ ይዞት የማያውቅ ሰው ውሃ ከቋጠረው ሽፍታ ጉድፍ ሊጋባበት ስለሚችል፣ ሽፍታው እስኪደርቅ ድረስ ሕመምተኛው ቦታውን ይሸፍን፤ ከጨቅላ ሕፃናት፣ ከነፍሰ ጡሮችና ሰውነታቸው ከተዳከመ ሰዎች ይራቅ። ይህ ግን ከራሽን ሰልፍ ወይም ከሰፈራ ዝርዝር ለማስወጣት ምክንያት አይሆንም።

9. የአስተባባሪዎችና የአስተዳደር ኃላፊዎች ተግባር

ከ1977 እስከ 1978 ዓ.ም. 600 ሺህ ያህል ሕዝብ ከሰሜንና ከመካከለኛው ኢትዮጵያ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ተዛውሮ ሰፍሯል። ሕዝብ በዚህ ብዛት ሲንቀሳቀስ ሕመምተኛው ከጀመረው ሕክምና ጋር ይለያያል፤ የዓይን አልማዝ ባለጭራ ደግሞ ለሳምንታትና ለወራት ክትትል የሚጠይቅ በሽታ ነው። ስለሆነም በማናቸውም የሕዝብ ዝውውር ጊዜ የሚከተሉት እርምጃዎች ይጠቅማሉ።

የዝውውር ዝርዝር ከመጽደቁ በፊት ከጣቢያው የጤና ክፍል ጋር ይመሳከር፤ ሕክምና ላይ ያለ የዓይን ሕመምተኛ ካለ መነሻው ይዘግይ ወይም መድኃኒቱና የካርዱ ግልባጭ አብሮት ይሂድ። በግንባር ላይ ሽፍታ ወጥቶ ዓይኑ የቀላ ሰው በዚያው ዕለት ለዓይን ሕክምና የሚላክ አስቸኳይ ሕመምተኛ ተብሎ ተሽከርካሪ ይመደብለት። የመድኃኒት ጥያቄም በበሽታው ዓይነት ተለይቶ ይዘጋጅ፤ አንድ ሕመምተኛ ለ7 ቀን የሚያስፈልገው የአሳይክሎቪር መጠን 200 ሚሊ ግራም በሆነው እንክብል ሲሰላ 140 ፍሬ ነው። በመጋዘን 100 ፍሬ ያለው ጣቢያ የአንድ ሰው ሕክምና እንኳ የለውም ማለት ነው፤ ይህንንም ቀድሞ የሚያውቀው ሕመምተኞቹን ለይቶ የመዘገበ ጣቢያ ብቻ ነው።

10. ለጣቢያ ሠራተኞች የተዘጋጀ ልምምድ

ባለፈው ወር መዝገብ ላይ «የዓይን ሕመም» ተብሎ ብቻ የተጻፈውን መሥመር ቁጠሩ። ከእነዚህ ውስጥ በስንቱ ላይ ቀኝ ወይም ግራ ተብሏል? በስንቱ ላይ ዕይታ በቁጥር ተመዝግቧል? ሕመሙ የጀመረበት ቀን የተጻፈው ስንት ነው? ከተላኩት ሕመምተኞች መካከል የመልስ ወረቀት የመጣላቸውስ ስንት ናቸው? የተገኘውን ቁጥር በሠራተኞች ስብሰባ ላይ አቅርባችሁ፣ በሚቀጥለው ወር መጨረሻ እንደገና ቆጥራችሁ አነጻጽሩ።

ከቀዬው ተፈናቅሎ መሬቱንና ከብቱን ያጣ ገበሬ በአዲስ ቦታ ኑሮውን የሚመሠርተው በጉልበቱና በዓይኑ ነው። ዓይኑን ለማዳን ያለው ጊዜ ጥቂት ቀን በሆነበት በዚህ በሽታ፣ ሙሉ ሆኖ የተጻፈ አንድ የመዝገብ መሥመር የሕክምናው አካል መሆኑን እያንዳንዱ ኃላፊና የእርዳታ ሠራተኛ ሊገነዘበው ይገባል።